የዶክተር ኮሮትኮቭ ጆሮ፤ ግፊትዎ በየትኛው ክንድ ተለካ?

በዛሬው ዓምዳችን የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ እናወጋለን። እኚህ ሰው ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይሁንና በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ክንዱ ተጠቅልሎ፣ ማዳመጫ ክርኑ ላይ ተደርጎ ግፊቱን የተለካ ሰው ሁሉ በእሳቸው ሥራ ተጠቅሟል። ሐኪሙም ነርሱም ጤና መኮንኑም ገና በትምህርት ላይ ሳለ ስማቸውን ይማራል። ኒኮላይ ሰርጌየቪች ኮሮትኮቭ ይባላሉ፤ ሩሲያዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ።

ታሪካቸውን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ብዙ ታካሚዎች በቀኝ ክንዳቸው የተለካው ግፊት በግራው ከተለካው ለምን እንደማይገጥም ይጠይቁኛል። ግማሾቹ መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ግማሾቹ ደግሞ ከሁለቱ ዝቅ ያለውን ቁጥር መርጠው፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ሁለተኛው አካሄድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ እኔ ራሴ የተማርኩት በስህተት ነው።

ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለግፊት ክትትል እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጃቸው ብሆንም የሚያህል ዕድሜ ይዤ ሳለ ዶክተር ይሉኛል። የመለኪያው ጠረጴዛ ከታካሚው ወንበር በስተግራ ስለነበረ ሁልጊዜ የምለካው ግራ ክንዳቸውን ነበር። ቁጥሩም 125 በ80 አካባቢ ይሆናል። መድኃኒቱ በደንብ እየሠራ ነው ብዬ አመሰግናቸውና እሸኛቸዋለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ግራ እጃቸው ቶሎ እንደሚዝልባቸው፣ ከመደርደሪያ ላይ መጻሕፍት ሲያወርዱ ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን የዕድሜ ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ተቆጥታ አብራቸው መጣች። አባቷ ሌላ ቦታ በቀኝ ክንዳቸው ተለክተው የላይኛው ቁጥር 170 ሆኗል። ከሁለታችን የትኛችንን እንደምታምን ጠየቀችኝ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ክንድ ለካሁ። ቀኙ 172፣ ግራው 126 ሆነ። ጥቂት አሳርፌ ደገምኩት፤ ያው ነው። ለሁለት ዓመት ሳክም የኖርኩት ግራ ክንዳቸውን እንጂ እሳቸውን አልነበረም።

በዚያ ሰሞን ነው የኮሮትኮቭን ታሪክ እንደገና ያነበብኩት። በትምህርት ቤት ሳለሁ ስማቸው ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ብቻ ነበር። አሁን ግን ሰውየው መጀመሪያውኑ ይፈልጉት የነበረው እኔ የዘነጋሁትን ነገር እንደነበረ ተረዳሁ።

ከኩርስክ እስከ ሩቅ ምሥራቅ

ኒኮላይ ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1874 ኩርስክ በምትባል የሩሲያ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ከጨረሱ በኋላ በ1893 ካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በ1898 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ወዲያውም በሞስኮ በስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና መምህር በፕሮፌሰር ቦብሮቭ ሥር መሥራት ጀመሩ።

በወንበር ላይ ብዙ አልቆዩም። በ1900 በቻይና የቦክሰሮች አመፅ ሲቀሰቀስ ከቀይ መስቀል ጋር ወደ ሩቅ ምሥራቅ ዘመቱ። ጉዞው ሳይቤሪያን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነበር። ሲመለሱ ደግሞ በጃፓን፣ በሲንጋፖርና በሴሎን አድርገው፣ የስዊዝን ቦይ አልፈው በጥቁር ባሕር በኩል አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ነበር። ለሕሙማንና ለቁስለኞች ላደረጉት አገልግሎት የቅድስት አና ኒሻን ተሸለሙ።

ከዚያ በኋላ በጸጥታ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኤድዋርድ አልበርት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ስለ በሽታ ምርመራ የጻፈውን መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ ሩሲያኛ ተረጎሙ። በ1903 ደግሞ ፕሮፌሰር ፌዶሮቭ በሴንት ፒተርስበርግ የወታደራዊ ሕክምና አካዳሚ ረዳታቸው እንዲሆኑ ጋበዟቸው፤ እሳቸውም ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ሌላ ጦርነት መጣ።

የቁስለኞቹ ጥያቄ

በ1904 ሩሲያና ጃፓን ጦርነት ገጠሙ። ኮሮትኮቭ በማንቹሪያ ምድር ሃርቢን ከተማ በቀይ መስቀል ሆስፒታል ከፍተኛ ሐኪም ሆነው ተመደቡ። በዚያ ያገኟቸው ቁስለኞች ናቸው የሕይወታቸውን መንገድ የወሰኑት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይት በክንድ ወይም በጭን ሲያልፍ አንዳንድ ጊዜ ከልብ ደም የሚያመጣውን ቧንቧ፣ ማለትም ደም ቅዳውን ይነድለዋል። የፈሰሰው ደም በሥጋው መሐል ተጠራቅሞ የሚርገበገብ እብጠት ይሠራል። እብጠቱ አንድ ቀን ቢፈነዳ ቁስለኛው ደሙ ፈስሶ ይሞታል። በዚያን ዘመን የተቀደደ የደም ሥር መስፋት ገና ጀማሪ ጥበብ ስለነበረ ዋናው ሕክምና ደም ቅዳውን በክር አጥብቆ ማሰር ነበር። ደም ቅዳው ሲታሰር ግን ከእሱ በታች ያለው እጅ ወይም እግር ምን ይመገባል? አንዳንዱ ቁስለኛ ከታሰረለት በኋላ እጁ ሞቆ፣ ቆዳው ቀልቶ ይድናል። የሌላው እጅ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል።

ልዩነቱ ያለው በጎን መንገዶቹ ላይ ነው። ከዋናው ደም ቅዳ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ታክሲዎች ውስጥ ለውስጥ እንደሚሄዱት ሁሉ፣ ዋናው ደም ቅዳ ሲዘጋ ደሙ በእነዚህ ቅርንጫፎች ዞሮ ከታች ይደርሳል። ቅርንጫፎቹ በቂ ከሆኑ እጁ ይተርፋል፤ ካልሆኑ ይሞታል። ከእሳቸው በፊት ታላቁ የሩሲያ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ኒኮላይ ፒሮጎቭም በዚሁ የደም ቅዳ ማሰር ጉዳይ ላይ ብዙ ደክመዋል።

ወጣቱ ሐኪም ሊመልሱት የፈለጉት ጥያቄ ይህ ነበር። ክሩን ከማሰራቸው በፊት ይህ እጅ ይተርፍ እንደሆነ በምን ማወቅ ይችላሉ? ቢላውን ከማንሳታቸው በፊት በቁስለኛው የደም ሥር ላይ ማዳመጫ እያሳረፉ ማድመጥ ልማዳቸው ሆነ። ጤነኛና ያልተጨቆነ ደም ቅዳ ዝም ያለ ነው። ሲጠብ ወይም ሲጨቆን ግን ይናገራል። የውኃ ጎማ በእግር ሲረገጥ ውኃው እያፏጨ እንደሚያልፈው ማለት ነው።

ከአንድ ገጽ ያነሰ ንግግር

ኮሮትኮቭ በ1905 የጸደይ ወራት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የግፊት መለኪያ አዲስ ነገር አልነበረም። ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በ1896 ክንድ ላይ የሚጠመጠምና በአየር የሚነፋ መጠቅለያ ከሜርኩሪ ጋር አገናኝተው አቅርበዋል። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነበር። ሐኪሙ መጠቅለያውን ከነፋ በኋላ የሚጠብቀው በጣቱ የእጅ አንጓው ላይ ያለው ትርታ የሚጠፋበትንና የሚመለስበትን ነጥብ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው የላይኛው ቁጥር ብቻ ነው። የታችኛውን በአስተማማኝ መንገድ የሚያገኝ ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1905 ኮሮትኮቭ በአካዳሚው የሳይንስ ስብሰባ ላይ ቆመው አንድ አጭር ንግግር አደረጉ። በጽሑፍ ሲታይ ከአንድ ገጽ አይሞላም። የነገሯቸው ይህ ነው። የሪቫ ሮቺን መጠቅለያ በክንዱ መሐል ያስሩና ከታች ምንም ደም እስከማያልፍ ድረስ ይነፉታል። ከዚያ አየሩን ቀስ እያሉ እየለቀቁ፣ ከመጠቅለያው በታች ባለው ደም ቅዳ ላይ ትንሽ የሕፃናት ማዳመጫ ያሳርፋሉ። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ግፊቱ እየወረደ ሲሄድ ግን አጫጭር ድምፆች ይመጣሉ። ይህ ማለት የደሙ ማዕበል በከፊል ከመጠቅለያው ሥር ማለፍ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያ ነጥብ የላይኛው ግፊት ነው። ቀጥሎ የሚያፏጭ ድምፅ ይከተላል፤ ከዚያም እንደገና ጥርት ያሉ ድምፆች ይሰማሉ። በመጨረሻ ሁሉም ይጠፋል። ደሙ ያለ እንቅፋት ማለፍ ጀምሯል፤ ያ ደግሞ የታችኛው ግፊት ነው።

ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ ወዲያው አላጨበጨቡም። አንዳንዶቹ ድምፁ ከልብ የመጣ እንጂ ከክንዱ ላይሆን ይችላል ብለው ተጠራጠሩ። ኮሮትኮቭ አልተከራከሩም፤ ሄደው በእንስሳት ላይ ሙከራ አደረጉ። በታኅሣሥ ወር ተመልሰው ድምፁ የሚፈጠረው እዚያው በተጨቆነው ደም ቅዳ ውስጥ እንጂ በልብ እንዳልሆነ አሳዩ። ፕሮፌሰር ያኖቭስኪ የተባሉ የውስጥ ደዌ ሐኪም የነገሩን ትልቅነት ፈጥነው ስለተረዱ ከተማሪዎቻቸው ጋር ዘዴውን መረመሩት፣ አስፋፉትም። ኮሮትኮቭ ያን ጊዜ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ለተጠራጣሪዎቹ የሰጡት መልስ ዛሬም ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለው። ማዳመጫው የሚሰማው ልብን ሳይሆን እዚያው ያለውን ደም ቅዳ ነው። የምንጽፈው ቁጥር የዚያ ክንድ ምስክርነት ነው ማለት ነው። ወደዚያ ክንድ የሚወስደው መንገድ ጤነኛ ከሆነ ምስክሩ እውነት ይናገራል። መንገዱ ከጠበበ ግን ክንዱ ስለ ራሱ እንጂ ስለ ልብና ስለ አንጎል አይመሰክርም።

የወርቅ ማዕድን ሐኪም

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ግኝት ይዞ በዋና ከተማው በክብር ይቀመጥ ነበር። ኮሮትኮቭ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደ ቪቲምና ኦሌክማ የማዕድን አካባቢ ሐኪም ሆነው ሄዱ። የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በ1910 ሲያቀርቡ ርዕሱ ስለ ግፊት መለኪያ አልነበረም። ከሃርቢን ጀምሮ ሲያሳስባቸው የኖረው ጉዳይ ነበር፤ ደም ቅዳ ሲዘጋ የጎን መንገዶቹ ምን ያህል አቅም እንዳላቸው እንዴት ይታወቃል የሚለው። ዓለም ያወቃቸው በመለኪያው ነው፤ እሳቸው ግን መለኪያውን የፈለጉት የአንድን ቁስለኛ እጅ ከመቆረጥ ለማዳን ነበር።

ከዚያም በሌና የወርቅ ማዕድን የሠራተኞች ሐኪም ሆኑ። በ1912 በዚያ የሚሠሩ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አቤቱታ ሲያሰሙ ወታደሮች ተኩስ ከፈቱባቸው፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙም ቆሰለ። ኮሮትኮቭ ያን ጊዜ በቦታው ነበሩ። በኋላ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጦር ጉዳተኞችን አከሙ። ከአብዮቱ በኋላ በዚያችው ከተማ በሜችኒኮቭ ሆስፒታል ከፍተኛ ሐኪም ሆነው ሲሠሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1920 በአርባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

ስማቸው ግን በየቀኑ ይነሳል። በማዳመጫው የምንሰማቸው ድምፆች እስከ ዛሬ የኮሮትኮቭ ድምፆች ይባላሉ። በየቤቱ ያሉት ኤሌክትሮኒክ መለኪያዎች በማድመጥ ፈንታ የመጠቅለያውን ንዝረት እያነበቡ ቁጥር ቢሰጡም፣ ትክክለኛነታቸው የሚፈተነው በሠለጠነ ሰው ጆሮ ከሚሰሙት ከእነዚያው ድምፆች ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ሁለቱ ክንዶች ሲለያዩ

ወደ ጋሼ እንመለስ። ከትልቁ ደም ቅዳ ተነስቶ ከአንገት ሥር ባለው አግዳሚ አጥንት በታች አልፎ ወደ ግራ ክንድ የሚወርደው ደም ቅዳቸው በስብ ክምችት ጠቦ ነበር። ይህ መጥበብ በቀኝ በኩል ከሚታየው ይልቅ በግራ በኩል ይበዛል። እጃቸው ያልሞተው ኮሮትኮቭ ሲያጠኗቸው በኖሩት የጎን መንገዶች ምክንያት ነው። ይህ ግን በነጻ የሚገኝ አይደለም። ክንዱ ሲሠራ ከላይ ወደ አንጎል የኋላ ክፍል መሄድ የነበረበትን ደም ወደ ራሱ ስቦ ሊወስድ ይችላል። መጻሕፍት ሲያወርዱ ራሳቸውን ያዞራቸው የነበረው ለዚህ ነው። ምልክቱን በአፋቸው ነግረውኝ ነበር፤ ያላደመጥኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሆስፒታል ልኬያቸው በአልትራሳውንድ ሲታዩ መጥበቡ ተረጋገጠ። የሽንት ምርመራቸው ደግሞ ኩላሊታቸው ፕሮቲን ማፍሰስ መጀመሩን አሳየ። እኔ 125 እያልኩ በነበረበት ጊዜ ልባቸው፣ አንጎላቸውና ኩላሊታቸው 170ውን ይሸከሙ ነበር። መድኃኒታቸው ተስተካክሎ፣ ግፊታቸው በቀኝ ክንዳቸው ብቻ እየተለካ እስከ አሁን በክትትል ላይ ናቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ደግሞ አስተማሪ ናቸውና ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሐኪም እንዳስተምር አዘዙኝ። ይህንን ጽሑፍ ከትእዛዛቸው አንዱ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ታዲያ ልዩነት ሁሉ በሽታ ነው ማለት ነው? አይደለም። የሁለት ክንድ የላይኛው ቁጥር እስከ 10 ድረስ መለያየቱ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው። ግፊት በየደቂቃው ይለዋወጣል። መጀመሪያ የተለካው ክንድ በድንጋጤ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋ ልዩነት አያስጨንቅም። ተደጋግሞ ከ10 የሚበልጥ ልዩነት ግን ለሐኪም ሊነገር ይገባል። ከ15 ከበለጠ ደግሞ ሐኪሙ የደም ሥር መጥበብ መኖር አለመኖሩን ማሰብ አለበት። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2012 ጀምሮ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አሰባስበው አይተዋል። በሁለቱ ክንዶች መሐል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥር የልብ ሕመምና የስትሮክ ስጋትም ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የአንድ ክንድ ደም ቅዳ በስብ ከጠበበ የልብና የአንጎሉም ሊጠብ ይችላልና ነው።

መጥበቡ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ነው። ነገር ግን ወጣቶችም አይቀሩም። በ1908 ሚኪቶ ታካያሱ የተባሉ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም በአንዲት ወጣት ዓይን ውስጥ ያልተለመደ የደም ሥር አወቃቀር አይተው ሪፖርት አደረጉ። በዚያው ስብሰባ ሁለት ባልደረቦቻቸው የእነሱም ታካሚዎች ተመሳሳይ ዓይን እንዳላቸው፣ የእጅ አንጓቸው ላይ ደግሞ ትርታ እንደማይገኝ ተናገሩ። የትልልቅ ደም ቅዳዎች ብግነት የሆነው ይህ ሕመም ዛሬ በታካያሱ ስም ይጠራል፤ በብዛት የሚታየውም በወጣት ሴቶች ላይ ነው። አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ሴት አንድ ክንዷ ቶሎ የሚዝል፣ ትርታዋ የማይገኝ ወይም ግፊቷ በአንድ ክንድ አልለካ የሚል ከሆነ፣ መሣሪያው አልሠራም ተብሎ መታለፍ የለበትም።

እርስዎ ምን ያድርጉ?

ግፊትዎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኩ፣ ወይም ለዓመታት ክትትል ሲያደርጉ ሁለቱም ክንድዎ ተለክቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ሁለቱንም እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። ይህ የሐኪሙን ሥራ መንቀፍ አይደለም። እኔ እንኳ ታካሚ ሲያስታውሰኝ ደስ ይለኛል።

ቁጥሮቹ ከተለያዩ እውነተኛው ግፊትዎ ከፍ ያለው ነው። ብዙ ሰው ዝቅ ያለውን ክንድ ደህናው ክንዴ ይለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ደም በነጻ የሚደርሰው ከፍ ወዳለው ክንድ ነው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በዚያው ክንድ ይለኩ። በክትትል ካርድዎ ላይም ቀኝ ወይም ግራ ተብሎ ይጻፍልዎ። ወደ ሌላ ጤና ተቋም ሲሄዱም ይህንኑ ይንገሩ።

ልዩነቱ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ አለካኩ ትክክል መሆን አለበት። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ፣ ጫትም አይቃሙ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን ወንበር ላይ ደገፍ አድርገው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው አምስት ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ቁመት ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መጠቅለያው በሹራብ ወይም በኮት እጅጌ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ክንዳቸው ወፍራም ለሆነ ሰዎች ጠባብ መጠቅለያ ግፊቱን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። በመለካት ላይ ሳሉ አይናገሩ፤ ስልክም አያንሱ።

አንዱን ክንድ ከለኩ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አርፈው ሌላውን ይለኩ። ከዚያም ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ይድገሙ። ልዩነቱ ከተመለሱም በኋላ ካለ በወረቀት ይጻፉትና ለሐኪምዎ ያሳዩ። መድኃኒትዎን ግን በራስዎ ውሳኔ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ፣ አያቋርጡም።

አንድ ክንዳቸው መለካት የሌለበት ሰዎችም አሉ። ለኩላሊት እጥበት ክንዳቸው ላይ የደም ሥር የተሠራላቸው ሰዎች በዚያ ክንድ አይለኩም። በጡት ካንሰር ምክንያት ከብብታቸው ሥር ዕጢ የወጣላቸው ሴቶችም የትኛው ክንድ እንደሚለካ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

በቤት ሆነን ቀጠሮ የማንጠብቅበት ጊዜም አለ። በድንገት የሚጀምር፣ ደረትን ወይም ጀርባን የሚቀድድ የሚመስል ከባድ ሕመም ካለ፣ በተለይም አንድ ክንድ ከደከመ ወይም ትርታው ከጠፋ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ በአንድ ጎን እጅና እግር ከደከመ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች ግፊት እየለኩ ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ዶክተር ኮሮትኮቭ በሃርቢን ቁስለኞች አጠገብ ተቀምጠው ያደርጉት የነበረው ቀላል ነገር ነው። ከመወሰናቸው በፊት ያደምጡ ነበር። እሳቸው የተዉልን ዘዴ ዛሬ በየመንደሩ አለ፤ ለሁለተኛው ክንድ የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች እኛ ሐኪሞች አንንፈግ፤ እናንተም ሳትጠይቁ አትመለሱ።